የማይቆም ካርድ ፍለጋ፦ ከዲላ እስከ ሰንጋ ተራ

አራት ቀን ተጉዤ ተመለስኩ። ከአራቱ ሦስቱን በቅናት ነው ያሳለፍኳቸው። ይህንን ከመጀመሪያው ብናገር ይሻላል፤ አለበለዚያ ስለ አዲስ አበባ የምነግራችሁ ለምን እንደተጣመመ አይገባችሁም። የምጽፈው ለዲላ ሰዎች ነው፤ በተለይ እንደ እኔ ካሜራ አንግታችሁ ከሰርግ ሰርግ ለምትዞሩና ጥፍር ለምታህል ካርድ ብላችሁ ካዛንቺስ ድረስ ለማትሄዱ።

ምክንያቱ እንዲህ ነው። በጥር ወር የጎረቤታችንን ልጅ ሰርግ ስቀርጽ፣ ሙሽራዋ ከቤት ልትወጣ ስትል የአባቷን ጉልበት ለመሳም ዝቅ አለች፤ ካሜራዬ በዚያች ሰዓት በራሱ ቆመ። ቀረጻው መቋረጡን የምትናገር አንዲት መስመር ስክሪኑ ላይ ወጥታ ነበር፤ አላየኋትም። ሰው ሁሉ ሲያለቅስ እኔም አብሬ ዓይኔን እየጠረግሁ፣ ምንም የማይቀርጽ ካሜራ ደግፌ ቆሜአለሁ። ቪዲዮው ላይ ልጅቷ ጎንበስ ትላለች፤ ከዚያ ኬክ ይቆረጣል። አባትየው አይቶ ቀሪ ሂሳቤን ቆጥሮ ሰጠኝ፤ ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ከተማው ግን ስም አወጣልኝ፤ "ዘሪሁን ቆመ" ይሉኛል። ባጃጅ ስሳፈር እንኳ "ቆመ፣ ወዴት ነው?" ይሉኛል።

ጥፋቱ የካርዱ ነበር። ድሮ በትንሹ ጥራት ስንቀርጽ ችግር አልነበረም። አሁን ሰው ሁሉ ግድግዳ የሚያክል ቴሌቪዥን ገዝቶ "ፎር ኬ ካልሆነ አልፈልግም" ይላል። ካሜራው ያንን ሁሉ ምስል ሲያፈስለት ካርዱ መዋጥ ያቅተዋል፤ ካሜራውም ጥቂት ታግሦ ያቆማል። እኛ ደግሞ ካርድ ስንገዛ የምንጠይቀው "ስንት ጊጋ ነው?" ብለን ብቻ ነው። ስለ ፍጥነቱ በሕይወቴ ጠይቄ አላውቅም።

ከዚያ የእህቴ ልጅ የቤዛ ሰርግ መጣ። ቤዛ አባቷ ከሞተ ወዲህ በእኔ ዓይን ሥር ነው ያደገችው፤ ጥርሷ ሲወልቅ ያነሳኋት እኔ ነኝ፣ ስትመረቅም እኔ። እናቷ፣ ታላቅ እህቴ እትዬ አስቴር ግን ፋሲካ ባለፈ ማግስት ጓዳው በር ላይ ቆማ "ዘሪሁኔ፣ የቤዛ ሰርግ ቀን አንተ ካሜራ አትይዝም። አንተ ቁጭ ነው የምትለው። የሚቀርጽ ሰው ከአዲስ አበባ እናስመጣለን" አለችኝ። የቀረውን አልሰማሁም። "ገብቶኛል እትዬ" ብዬ በሩን በላይዋ ላይ ዘግቼ ወጣሁ።

አዲስ አበባ የምናውቀው ካሜራማን አንድ ብቻ ነው፤ ምንተስኖት። ምንቴና እኔ ዲላ ላይ አንድ ፎቶ ቤት ከፍተን፣ አንድ ካሜራ እየተቀባበልን ስንሠራ ኖረናል። አሥር ዓመት ይሆነዋል ወደ አዲስ አበባ ከሄደ፤ አሁን ካዛንቺስ ስቱዲዮ አለው። እኔ የማይቆም ካርድ ገዝቼ፣ ለእህቴ በዓይኗ አሳይቼ፣ የልጃችንን ሰርግ ከእጁ ላስጥል ቆረጥኩ። የማድረው ግን እሱው ቤት ነው። አውቃለሁ፣ ምንም አትበሉኝ።

ሰኞ

ከዲላ የተነሳነው ጠዋት በአሥራ ሁለት ሰዓት ነው። ባዶ እጅ አይኬድምና አቮካዶ በኬሻ ሞልቼ ይዣለሁ። የአውቶቡሱ ረዳት ኬሻውን ጣራ ላይ ወርውሮ የሰው አልጋ ጫነበት። "ወንድሜ፣ አቮካዶ ነው እኮ" ስለው "መንገድ ላይ ይበስልልሃል አባቴ" አለኝ። እውነቱን ነው፣ ሻሸመኔ ስንደርስ በስሎ በመስኮቴ ላይ ይወርድ ጀመር። አጠገቤ የተቀመጡ እናት ሶፍት አውጥተው መስታወቱን ከውስጥ ይጠርጉልኝ ጀመር። "እማማ፣ ከውጭ ነው" አልኳቸው። "አውቃለሁ፣ አንተ የተጨነቅክ መስለኸኝ ነው" አሉና መጥረጋቸውን ቀጠሉ።

ዝዋይ ለምሳ ስንወርድ እኒሁ እናት ከአሳ ጥብሳቸው አካፈሉኝ። ለምን እንደምሄድ ጠየቁኝ፤ ካርድ ልገዛ ነው አልኳቸው። "የስልክ ካርድ ዲላ ጠፋ?" አሉ በጣም አዝነው። የካሜራ ነው ብዬ ማስረዳት ጀምሬ ተውኩት። ሞጆን እስክናልፍ ድረስ ስለ ዲላ ችግር ከኋላ ካለችው ሴት ጋር ሲያወሩ እሰማ ነበር።

ቃሊቲ መናኸሪያ ስንደርስ ምንቴ ነጭ ቪትዝ አቁሞ ሲጠብቀኝ አገኘሁት። "ምን አደከመህ፣ በታክሲ እመጣ አልነበር?" አልኩት፤ ዓይኔ ግን መኪናዋን እየዞረ ጭረት ይፈልጋል። ከኋላው በር ላይ አንድ አገኘሁ። ትንሽ ቀለል አለኝ።

የሚኖረው ጎተራ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ኬሻውን ተሸክሞ ደረጃውን የወጣው እሱ ነው፤ ሸሚዙ አረንጓዴ ሆነ። ሚስቱ ራሄል ከተጨፈለቀው የተረፈውን ለቅማ ጁስ አደረገችውና ለጎረቤት ሁሉ በብርጭቆ አዳረሰች። ጎረቤቶቹም ብርጭቆ ሊመልሱ ብቅ እያሉ "ምንቴ፣ እንዲህ ያለ አቮካዶ ቀምሰን አናውቅም፣ ተባረክ" ይሉታል። ያመጣሁት እኔ፣ የሚባረከው እሱ።

በረንዳቸው ላይ ስቆም የጎተራ ማሳለጫ ቁልጭ ብሎ ይታያል፤ መኪናው ከላይም ከታችም ይዞራል፣ ባቡሩ ያልፋል። እኔ ዲላ በረንዳዬ ላይ ስቆም የማየው የጎረቤቴን እንሰትና አንድ የታሰረ በግ ነው። ምንቴ ይህን ሁሉ የሚንቀሳቀስ ነገር በነጻ ተሰጥቶት፣ በረንዳውን የልብስ ማስጫ አድርጎታል። ቀናሁ። ለቅናቴም ምክንያት ስላገኘሁ ደስ አለኝ።

ራት ላይ የሰርጉን ነገር እስኪያነሳ ጠበቅሁት። "ቤዛ እንዴት ናት?" አለ። "ደህና ናት" አልኩ። "ትልቅ ሴት ሆነች በቃ" አለ። "ሆነች" አልኩ። እዚያው ላይ ቀረ። ራሄል "ጋሼ ዘሪሁን፣ ኧረ ይብሉ" እያለች ታጎርሰኛለች፤ በየጉርሻው መሃል ባልዋ "አሁን ለምን መጣህ?" ይለኛል። "ለዕቃ።" "ምን ዕቃ?" "ትንሽ ዕቃ።" አልዋሸሁም፣ ትንሽ ናት።

እዚህ ላይ አንባቢ ሊጠይቀኝ የሚገባ ነገር አለ። አዲስ አበባ ውስጥ ስለ ካሜራ ካርድ ጠንቅቆ የሚያውቅ አንድ ሰው ከፊቴ ተቀምጦ ወጥ እየጨመረልኝ፣ ለምን አልጠየቅሁትም? ብጠይቀው ካሜራዬ እንደሚቆም ያውቃል፤ ካወቀ ሰርጉን ይዞብኝ ይሄዳል። በቃ፣ ሂሳቤ ይኸው ነበር።

ማክሰኞ

ጠዋት ስቱዲዮውን ሊያሳየኝ ካዛንቺስ ይዞኝ ሄደ። በሊፍት ወጣን። የመስታወት በር፣ ከጣራ እስከ ወለል የተዘረጋ ነጭ የፎቶ ጀርባ መጋረጃ፣ ሦስት መብራት። በእኔ ፎቶ ቤት ጀርባው የፏፏቴ ሥዕል ነው፤ ፏፏቴው መሃል ላይ ተቀዶ በፕላስተር ይዤዋለሁ። ምንቴ "ያ ፏፏቴ አለ?" ብሎ ሲጠይቀኝ ያሾፈብኝ መሰለኝ። "አለ" አልኩት ኮስተር ብዬ። "እኔ እዚህ ፏፏቴ ብሰቅል ይስቁብኛል፤ እንዴት እንደሚናፍቀኝ" አለ። ይሄንንም ማሾፍ ነው ብዬ ያዝኩበት።

ደንበኞች ሲመጡለት "ዞር ዞር ልበል" ብዬ ወጣሁ። ከዓመታት በፊት ባትሪ የገዛሁበት አንድ የካሜራ ዕቃ ሱቅ ነበር፤ ባለቤቷ ወይዘሮ ሰዓዳ የሚባሉ የወራቤ ሴት ናቸው፣ ዕቃ ሳይሞክሩ አይሸጡም። ሱቁ የነበረበትን መደዳ ፈለግሁ። መደዳው የለም። ቤቶቹ የሉም። ሰፊ አስፋልት፣ ከአስፋልቱ የማይተናነስ የእግረኛ መንገድ፣ አበባና አምፖል ነው ያለው። አንድ የሕንጻ ጥበቃ ጠጋ ብዬ ጠየቅሁ። "የቱን ካዛንቺስ ነው የምትፈልገው፣ የበፊቱን ነው የአሁኑን?" አለኝ። የበፊቱን አልኩት። "እሱማ ፈርሷል፤ ሰዉም በየቦታው ተበትኗል" አለኝ። ምሳ በልቼ እንደሆነ ጠየቀኝ፤ ሠራተኛ የሚበላበት ሽሮ ቤት ድረስ ወስዶ "የሰው አገር ሰው ነው፣ አጥግቢው" ብሎ ለባለቤቷ አስረከበኝ። ዲላ ላይ ለእንግዳ ይህንን አደርግ ነበር ወይ ብዬ ራሴን ጠየቅሁ። መልሱ ሽሮውን አላጣፈጠልኝም።

ከምሳ በኋላ አንድ ሕንጻ ምድር ቤት የስልክና የካሜራ ዕቃ የሚሸጥ ወጣት አገኘሁ። "በጣም ፈጣን የሆነ ካርድ" አልኩት። አንድ አወጣ፤ ፊቱ ላይ 120 የሚል ቁጥር በደማቁ ተጽፏል። "ብሮ፣ ይሄ መቶ ሃያ ነው፣ ማለቴ ይበራል" አለ። ሌሎቹን አየሁ፤ ዘጠና አለ፣ መቶ አለ፣ መቶ ሃያ ከሁሉም ይበልጣል። ምን ጥያቄ አለው? ገዝቼ ኪሴ ውስጥ ከትቼ፣ ስቱዲዮው ድረስ እጄን ከኪሴ ሳላወጣ ተመለስኩ። ምንቴ በዚያች ሰዓት አሳዘነኝ፤ ሰርጉ እንዳመለጠው አያውቅም።

ቤት እንደገባን፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ፣ ካርዱን ካሜራዬ ውስጥ ሰክቼ በረንዳው ላይ ቆምኩ። ፎር ኬ አደረግሁና ማሳለጫውን መቅረጽ ጀመርኩ። ቀይዋ መብራት በራች። አንድ ባቡር አለፈ፣ ሁለት ሲኖትራክ ዞረ፤ ሦስተኛው ዞሮ ሳይጨርስ መብራቷ ጠፋች። እንደገና ሞከርኩ፤ እንደገና ቆመ። ሦስተኛ ጊዜ ስሞክር ከኋላዬ የምንቴ ድምፅ "ካርዱ ነው" አለ። የታጠበ ልብስ ሊያነሳ መጥቶ ነው፤ መቼ እንደቆመ አላውቅም።

"ምኑ?" አልኩት።

"ካሜራህ ደህና ነው። ካርዱ ነው የሚያቆመው። ይሄ ነበር ትንሹ ዕቃ?" አለኝ። ካሜራውን አጠፋሁ። "ለምን አልጠየቅከኝም ዘሪሁን?"

"ሥራ ይበዛብሃል ብዬ።"

"በል ነገ አብረን እንሄዳለን፤ ወይዘሮ ሰዓዳ አሁን ሰንጋ ተራ ናቸው" አለና ልብሱን አንስቶ ገባ። እኔ ለአንድ ቀን ስፈልጋቸው የዋልኩትን ሴት፣ እሱ ስልካቸውን ይዞ ተቀምጧል።

ረቡዕ

ሰንጋ ተራ ድሮ የቀንድ ከብት ገበያ ነበር ይላሉ፤ ዛሬ ፎቅ ብቻ ነው። ወይዘሮ ሰዓዳ ከኮንዶሚኒየሙ ሥር ጠበብ ያለች ሱቅ ተከራይተዋል። መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው፣ በርጩማ ላይ ተቀምጠው ብስኩት እየበሉ አገኘናቸው። እኔን አላስታወሱኝም፤ ብስኩቱን ግን አካፈሉኝ።

ካርዴን አሳየኋቸው። "መቶ ሃያ ነው፣ ግን ይቆማል" አልኳቸው። መነጽራቸውን አውርደው አገላብጠው አዩት።

"ማን ነው የሸጠልህ? ተወው፣ አትንገረኝ። ይሄ ትልቁ ቁጥር የማንበቢያው ነው፤ ካርዱ ውስጥ ያለውን ወደ ኮምፒውተር ስታወጣ የሚፈጥነው። አንተ የምትፈልገው መጻፊያውን ነው። ካሜራ ሲቀርጽ ካርዱ ላይ ይጽፋል አይደል?"

"ታዲያ መጻፊያው የት ነው የተጻፈው?"

"በትንሿ ነዋ። በትልቁ የሚጽፉት የሚሸጥላቸውን ነው።" ሌላ ካርድ አውጥተው በጥፍራቸው አሳዩኝ፤ ቪ የምትል የእንግሊዝኛ ፊደል፣ ከጎኗ ሠላሳ ቁጥር። "ይቺ ያለችበት ካርድ፣ ስትቀርጽ በሰከንድ ከሠላሳ ሜጋ በታች አይወርድም ማለት ነው። ያንተ ላይ ያለችው ሲ ውስጥ የገባች አሥር ብቻ ናት። ለፎቶ ይሆንሃል። ለፎር ኬ ግን፣ ልጄ፣ ካርድህ አንባቢ ነው እንጂ ጸሐፊ አይደለም።"

አባቴ ትዝ አለኝ። አባቴ ዳዊት እንደ ውኃ ነበር የሚያነበው፤ ሲያነብ ጎረቤት ቆሞ ይሰማዋል። መጻፍ ግን አይችልም፤ ቀበሌ ሲጠራ የሚፈርመው በአውራ ጣቱ ነው። ይህን እያየሁ ያደግሁ ሰው፣ የሚያነብ ሁሉ ይጽፋል ብዬ ካርድ ገዛሁ። እናንተም ስትገዙ ትልቁን ቁጥር ተውት፤ ትንሿን ቪና ሠላሳዋን ፈልጉ። ጉዞዬ ለእናንተ የሚጠቅመው እዚህ ድረስ ያለው ነው፤ የቀረው የራሴ ጣጣ ነው።

ወይዘሮ ሰዓዳ ወደ ምንቴ ዞር አሉና "ይልቅ ምንቴ፣ ለዲላው ሰርግ ያዘዝከኝ ካርድ መጥቶልሃል" አሉት።

"የየቱ ዲላ?" አልኩ፤ ሌላ ዲላ ያለ ይመስል።

ምንቴ ግራ ተጋብቶ አየኝ። "የቤዛ ነዋ። እትዬ አስቴር ነገርኩት አለችኝ እኮ።"

"ነግራኛለች። አንተ ልትቀርጽ፣ እኔ ቁጭ ብዬ ልበላ።" ከዚያ በኋላ የተናገርኩትን ባልጽፈው ደስ ይለኝ ነበር። መኪናህ አልበቃህም፣ ሊፍትህ አልበቃህም፣ አሁን ደግሞ ያሳደግኳትን ልጅ ሰርግ መጣህብኝ አልኩት። አቮካዶዬን እንኳ ተመረቅህበት አልኩት።

"የምን ሊፍት ነው?" አለ ምንቴ። "ሊፍቱ የሕንጻው ነው።"

"ቀናሁብህ" አልኩት። "በቃ፣ ቀናሁብህ። ሰኞ መኪናህ ላይ ጭረት ስፈልግ ነበር።"

ወይዘሮ ሰዓዳ ብስኩቱን አስቀመጡት። ምንቴ ቀስ ብሎ "እትዬ አስቴር ስትደውልልኝ ያለችኝን ልንገርህ?" አለኝ። "'የቤዛ አባት የለም። ከቤት ስትወጣ በአባቷ ወንበር ላይ የሚቀመጠው ዘሪሁን ነው። እሱ ካሜራ ይዞ ከቆመ ልጄ የማንን ጉልበት ትሳም?' ነው ያለችኝ። አንተ ቁጭ በል ያለችህ ወንበሩ ላይ ነው ዘሪሁን። የቀረውን ሳትሰማት ወጥተሃል ማለት ነው። እኔ ደግሞ እያወቅህ ዝም ያልክ መስሎኝ፣ ነገሩ ከብዶሃል ብዬ ሁለት ቀን ሙሉ ዝም አልኩህ።"

ወይዘሮ ሰዓዳ ከበርጩማቸው ተነስተው "ና፣ ተቀመጥ" አሉኝ። ሰንጋ ተራ ላይ፣ ሰው መንገድ ላይ እያለፈ እያየኝ፣ ቁጭ አልኩ። የቤዛ አባት ትዝ አለኝ፤ ያቺ ወንበር ማን ይቀመጥባታል ብዬ አንድም ቀን አለማሰቤ ትዝ አለኝ። ካሜራዋን ማን ይይዛል ብዬ ብቻ ነበር ያሰብኩት። አለቀስኩ፤ ወይዘሮ ሰዓዳ የካሜራ መጥረጊያ ጨርቅ ሰጡኝ።

እውነቱን ልንገራችሁ፣ ያን ጊዜም ቀናሁ። እህቴ ለእሱ የነገረችውን እኔ ከእሱ አፍ መስማቴ አስቀናኝ። ምንቴ ገብቶታል መሰለኝ "ከዚያች ሰዓት በስተቀር ሙሉውን አንተ ቅረጽ። እኔ ወንበሩ ላይ ስትሆን ብቻ እቀበልሃለሁ" አለኝ።

"በማን ካሜራ?"

"ባንተ።"

"በማን ካርድ?"

"ባንተ ካርድ፣ ባንተ" አለ እየሳቀ። ለሰርጉ ካዘዛቸው አንዱን ካርድ እኔ ገዛሁት። ወይዘሮ ሰዓዳ ካሜራዬ ላይ ሰክተው በሩ ላይ አቆሙኝ፤ ታክሲውን፣ ሰዉን፣ የሚጫነውን ሲሚንቶ ሁሉ ቀረጽኩ። ብስኩታቸውን ጨርሰው፣ ለሁለት ሰው ባትሪ ሸጠው ሲመለሱ ቀይዋ መብራት እንደበራች ነበር። "በል በቃህ፣ ሂድ" አሉኝ።

ሐሙስ

ራሄል ለመንገድ ዳቦና እንቁላል ቋጥራልኝ፣ ኬሻዬን አጥባ አጣጥፋ ሰጠችኝ። ምንቴ ቃሊቲ ድረስ አደረሰኝ። የኋላውን በር ስከፍት ጭረቷን በጣቴ ነካሁ፤ "እሷን እኔ ነኝ የጫርኳት፣ በገዛኋት ሳምንት" አለኝ። ዲላ አመሻሽ ላይ ገባሁ። በቀጥታ ወደ እትዬ አስቴር ቤት ሄጄ ሳላስጠራ ጓዳ ገባሁ። "ቁጭ እላለሁ" አልኳት። "ታዲያ ምን ልትሆን ነበር?" ብላ ሽንኩርቷን መክተፍ ቀጠለች።

ሰርጉ ሚያዝያ መጨረሻ ላይ ሆነ። ምንቴና ራሄል መጡ። ጠዋት ጀምሮ ሙሽራዋ ስትለብስ፣ ሚዜዎቹ ሲጨፍሩ እኔ ቀረጽኩ፤ ካሜራው አንዴም አልቆመም። ሽማግሌዎቹ ሲጠሩኝ ካሜራዬን ለምንቴ አስረክቤ የአባቷ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። ከተማው በሙሉ ቆሞ ያያል። ቤዛ መጣች፣ ጎንበስ አለች፣ ጉልበቴን ሳመች።

ባለፈው እሑድ ሁላችንም እትዬ አስቴር ቤት ተሰብስበን ቪዲዮውን አየነው። ሳይቆራረጥ ሁሉም አለ። ቤዛ ጎንበስ ትላለች፣ አንዱን ጉልበቴን ትስማለች፣ ሌላኛውን ትስማለች። ከዚያ ቀና ብላ ፊቴን ታያለች። እንባዋ ሞልቷል፤ የምርቃት ቃል ትጠብቃለች። እኔ ግን እሷን አላይም። በትከሻዋ ላይ አሻግሬ ካሜራዋን አያለሁ፤ ቀይዋ መብራት አለመጥፋቷን።

"ጋሼ፣ ማንን ነው የምታየው?" አለች ቤዛ።

"እንባዬን ልይዝ ብዬ ነው" አልኳት። እትዬ አስቴር ሪሞቱን አንስታ ወደ ኋላ መለሰችው፤ እንደገና አየነው። ልጄ ያን ቀን እንዴት እንዳየችኝ ያወቅሁት ከቴሌቪዥን ነው። ካርዱ ግን አልቆመም።